የኛማል ግማሽ መድኃኒት

ይህን ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ያማሁትን፣ የተቆጣሁትን፣ ጾም የገደፍኩበትን ቀን ሁሉ ስናገር ይህ ግን ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ለባሌ አልነገርኩም። ለልጄ ለመሲም አልነገርኩም፤ ነገሩ የተደረገው ለሷ ተብሎ ሆኖ ሳለ። ለእናንተ የምጽፈው ስለማታውቁኝ ነው።

እኔ ከእርጉዝ ሴት መድኃኒት ወስጃለሁ። ሰርቄ ቢሆን ይቀል ነበር። የተሰረቀበት ሰው ዕቃውን ይፈልጋል፣ ይጮኻል፣ ሌላ ይገዛል። እኔ ግን ባለቤቷ ራሷ አመስግናኝ እንድትተወው አደረግሁ።

  

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ አቦቦ፣ ለሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። እኔ እዚያው ተወለድኩ፣ እዚያው ትንሽ ተማርኩ፣ ባል ሳገባ ጋምቤላ ከተማ ገባሁ። የማነበው ቀስ ብዬ፣ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ነው። የምንኖርበት ግቢ ተከራዮች ግን አብዛኞቹ አማርኛ የሚያውቁት ለገበያ ያህል ስለነበር አንባቢያቸው እኔ ሆንኩ። መድኃኒት የገዛ ሰው ወደ እኔ ይመጣል። ጠዋት ነው ማታ፣ ከምግብ በፊት ነው በኋላ፣ የፋርማሲው ሰው ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈውን አነብለታለሁ። የቆርቆሮ ቤታችን ሙቀት ነው፤ አይጥም አለ፤ ልጆችም ያገኙትን ሁሉ ይቀምሳሉ። ስለዚህ መድኃኒታቸውን እኔ ዘንድ ማስቀመጥ ለመዱ። ክዳኑ የሚገጥም የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረኝ። ጣሳውን አልጋዬ ሥር፣ ወለሉ ቀዝቀዝ ያለበት ቦታ አስቀምጠዋለሁ። ሰዓታቸው ሲደርስ እየመጡ ከእጄ ይወስዳሉ። ማንም አላዘዘኝም። ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱን አልደብቅም። እየቀለዱ "ዶክተር" ይሉኛል፤ እኔም "ተዉ እናንተ" እያልኩ በሆዴ እኮራለሁ።

ጠንቃቃ ሴት ናት ይሉኛል። ውሃ ሳላፈላ ለልጄ አልሰጥም። አጎበሩን በየማታው በእጄ እየዳሰስኩ ቀዳዳ እፈልጋለሁ። መሲ ወደ ባሮ ዳር ብቻዋን እንዳትወርድ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች አስምያታለሁ። ኛማል በዚህ ትስቅብኝ ነበር።

"የመሲ እናት የፈላ ውሃ ደግሞ ያፈላል" ትላለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። "ውሃ ምን አደረገሽ?"

ኛማል ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የተከራየች የኑዌር ልጅ ናት። ልጅ የምላት ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ቁመቷ ከበሩ ጉበን ጋር እኩል ስለነበር ስትገባ አጎንብሳ ነው። ባሏ ጋትሉዋክ፣ ኩሌ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ይሠራል፤ የሚመጣው ወር ሲሞላ ነው። እናቷ ከድንበር ማዶ ናት። እኔ ከኑዌርኛ የማውቀው "ማሌ" ብሎ ሰላምታ መስጠት ብቻ ነው። ቢሆንም እንግባባ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ደጃፍ ላይ ከተቀመጡ ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ገና ግን ወሩ አልደረሰም።

አንድ ቀን ሽንት ስትሸና እንደሚያቃጥላት፣ ቶሎ ቶሎ እንደሚያስሮጣት በምልክትም በቃልም ነገረችኝ። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ሽንቷን መረመሩ። ኢንፌክሽን አለ ተባለ፤ መድኃኒት ታዘዘላት። የፋርማሲዋ ልጅ ረጋ ያለች ነበረች። ፍሬዎቹን ቆጥራ በትንሽ ላስቲክ ከጨመረች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

"እናቴ፣ እርስዎ ያስረዱልኝ። ከምግብ ጋር ትውሰድ፣ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻታል። ሽንቷ ይጠቁራል፣ ሻይ ይመስላል፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ እንዳትደነግጥ። ማቃጠሉ ቢተዋትም የመጨረሻዋን ፍሬ ሳትውጥ እንዳታቆም። እርጉዝ ላይ ይሄ ነገር ቀልድ የለውም።"

ሰማሁ። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። አልገባኝም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ነው ይህን አስቀድሜ የምጽፈው። የመድኃኒቱን ስም ማንበብ አቅቶኝ ነበር፤ ናይትሮፉራንቶይን ይባላል፤ መሀል ላይ ጠፋብኝ። የተነገረኝ ግን ገብቶኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሁለት ወንዶች ነበሩ። ስለ ምግቡ ነገርኳት። ስለ ሽንቱ ቀለም አፍሬ ዝም አልኩ፤ ቤት ስንደርስ እነግራታለሁ ብዬ። ቤት ስንደርስ ረሳሁት። እስከዚህ ድረስ ያለው መርሳት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው መርሳት አይደለም።

ኛማል መድኃኒቷን ጣሳዬ ውስጥ አስቀመጠች። ጠዋትና ማታ ምግቧን በልታ ትመጣለች፤ አንድ ፍሬ አውጥቼ እሰጣታለሁ፤ እፊቴ ትውጣለች። ስንት እንደሆነ አታውቅም ነበር። ማወቅም አላስፈለጋትም። እኔ አለሁ።

በዚያው ሰሞን መሲን አየኋት። አሥረኛ ክፍል ነበረች። ከሽንት ቤቱ ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ፣ እንባዋ ይወርዳል። ምን ሆንሽ ስላት "ሽንቴ ያቃጥለኛል እማዬ" አለች።

እናት ምን ማለት ነበረባት? አይዞሽ ማለት ነበረባት። እኔ ያልኩት "ከማን ጋር ነበርሽ?" ነው። ይህ ነው ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ቃል። ልጄ አየችኝ፤ ማልቀሷን አቆመች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሕመሟ በራሷ ፈቃድ አንድም ቃል አልነገረችኝም፤ እየጠየቅሁ ነው ያወቅሁት።

ባሌ ያን ጊዜ ዲማ ነበር፣ ወርቅ ሊቆፍር ወርዶ። ሲሄድ ያለኝ "ልጄን አደራ" ብቻ ነው። የሽንት ሕመም ከወንድ ነው የሚመጣ ብዬ አምን ነበር፤ ሴቶቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያወሩት። ኛማል ባል አላት፣ እርጉዝ ናት፣ ማንም ምንም አይላትም። መሲን ግን ጤና ጣቢያ ብወስዳት የካርድ ክፍሉ ሰው የእድራችን አባል ነው። ስሟ በመስኮት ይጠራል፣ የሽንት ምርመራ ይባላል፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ ያያታል። ፋርማሲ ሄጄ ልግዛ ብል ለማን ነው፣ ዕድሜዋ ስንት ነው፣ አግብታለች ወይ ይሉኛል። የልጄ ስም ከተማው ውስጥ ሲዞር ታየኝ። ስሟ ነው የታየኝ። ሕመሟ አልታየኝም።

በማግስቱ ጠዋት ኛማል መጣች። ፊቷ ፈዟል። ማቃጠሉ እንደተዋት ነገረችኝና ድምፅዋን ቀንሳ ጠየቀችኝ።

"የመሲ እናት፣ ሽንት ጥቁር ሆነ። ሆድ ውስጥ ልጅ ታመመ?"

የጣሳውን ክዳን ይዤ ነበር። የሷን የጠዋት ፍሬ ላወጣ ነበር። የፋርማሲዋ ልጅ ያለችኝ ትዝ አለኝ። ቀለሙ ነው፣ አትደንግጪ፣ እስከ መጨረሻው ዋጪ። ይህን ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አጭር ነገር ነው። በሷ አማርኛም የሚገባ ነገር ነው።

"በቃሽ" አልኳት።

በቃሽ አልኳት። መድኃኒቱ ሥራውን ሲጨርስ ሽንት ይጠቁራል አልኳት። ከዚህ በላይ ከወሰድሽ ልጁን ይጎዳዋል አልኳት። ሦስቱንም አከታትዬ፣ ድምፄ ሳይለወጥ፣ በዚያ መድኃኒት በማነብበት ድምፄ ነው ያልኳት። አስቤበት ነበር? ሌሊቱን ሳስብ አላደርኩም። ግን ስትጠይቀኝ መልሱ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ይመስል ወጣ። ኛማል እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

"እግዜር ይስጥሽ። አንቺ ባትኖሪ ምን እሆናለሁ?"

ከሰዓት በኋላ ከባሏ እናት የተላከላትን የደረቀ ዓሣ አመጣችልኝ። ሠራሁት። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰድ፤ መሲ የመጀመሪያዋን ፍሬ የዋጠችው ከኛማል ዓሣ ጋር ነው። "መድኃኒቱን ከየት አመጣሽው?" አለችኝ። "ገዛሁት" አልኳት። ምግቡን አቅርቤ ቁጭ ብዬ እስክትውጥ አየኋት።

ምን አስቤ ነው? ሁለቱም ይድናሉ ብዬ ነው። በግቢያችን ጨው ያለቀባት ከጎረቤት ትወስዳለች፤ ከሰል ያለው ለሌለው ያካፍላል፤ ግማሽ ሳሙና ሁለት ቤት ያጥባል። መድኃኒትንም እንደዚያ አየሁት። ኛማል ማቃጠሉ ትቷታል፤ ድናለች፤ የተረፈው ትርፍ ነው አልኩ። ይህን የምለው ራሴን ለማቅለል አይደለም። ትርፍ ከሆነ ለምን አልጠየቅኋትም? "ልጄ ታማለች፣ ስጪኝ" ብላት ሁሉንም ትሰጠኝ ነበር። ያልጠየቅሁት ለኛማል እንኳ የልጄን ሕመም መናገር ስላፈርኩ ነው። የአንዷን እፍረት በሌላዋ ልጅ ሸፈንኩ። ያኔ ግን እንዲህ አላሰብኩትም፤ ምንም አላሰብኩም።

መሲ ቀለል አላት። ልቤ አረፈ። ከዚያ ኛማልን ትኩሳት ያዛት።

ክረምት ነበር። ብርድ ልብስ ደርበንላትም ያንቀጠቅጣታል። ጎረቤቶቹ መጡ። "ወባ ነው" አለች አንዷ። "ጋምቤላ ውስጥ ሌላ ትኩሳት አለ እንዴ?" ሁሉም ተስማሙ። እኔም "ወባ ነው" አልኩ፤ ከሁሉም ይልቅ የኔ ቃል ይሰማ ስለነበር ነገሩ በዚያው አለቀ። ኛማል ግን ጎኗን ይዛለች፣ ከወገቧ ከፍ ብሎ፤ ያስመልሳታል። ወባ ጎን እንዲያ እንደማያሲዝ አውቃለሁ። ወባ ስንት ጊዜ ያዘኝ! አውቅ ነበር።

ሆስፒታል እንውሰዳት አላልኩም። ሆስፒታል ከሄደች መድኃኒትሽን ጨርሰሻል ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ እሷም "የመሲ እናት በቃሽ አለችኝ" ትላለች። ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግሁ። ከመሲ የተረፉትን ፍሬዎች ከጣሳው አወጣሁና ለኛማል መልሼ ሰጠኋት። "ትንሽ ተርፎሽ ነበር፣ አሁን ጨርሺው" አልኳት። የወሰድኩትን ስለመለስኩ ነገሩ ወደ ቦታው የሚመለስ መሰለኝ። በገንፎ አድርጌ አጎረስኳት፤ ትኩሳቱ አደንዝዟት ልጁን ይጎዳል ያልኳትን አላነሳችብኝም። ታስመልሰዋለች፣ ደግሞ አጎርሳታለሁ። በሩን ዘግቼ አስታመምኳት። ጎረቤቶቹ "ምን ዓይነት ሴት ናት፣ እንደ እናት" ሲሉ ከውጭ ይሰማኛል።

በማግስቱ ምጥ ያዛት። ጊዜው ያልደረሰ ምጥ። ያኔ ነው ባጃጅ የጠራሁት።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ የደከመው። ካርዷን እያየ ጠየቀኝ፤ እሷ አልጋው ላይ ዓይኗን ጨፍና ታቃስታለች።

"የሽንት ኢንፌክሽን መድኃኒት ተሰጥቷት ነበር። ጨርሳለች?"

"ጨርሳለች" አልኩ።

"ሳታቋርጥ?"

"ሳታቋርጥ። እኔ ነኝ የምሰጣት።"

እግዚአብሔር ሁለተኛ ዕድል ሰጥቶኝ ነበር ማለት ነው። ሐኪም ፊቴ ቆሞ ጠየቀኝ። እኔ ግን ስሜን ጠበቅሁ። ሐኪሙ "እንግዲያ አልሠራላትም፣ ተህዋሲው ለምዶታል" አለና ካርዱ ላይ ጻፈ። ወደ ኩላሊቷ ወጥቷል አለ። በግሉኮስ ሌላ ጠንካራ መድኃኒት ገጠሙላት።

ልጁ ወንድ ነበር። ሕፃን አየር የሚስበው እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ እንደዚያ አልነበረም የሚስበው። ረፋድ ላይ አቆመ። አዋላጇ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ዘመድ መስያት ነው። ተቀበልኩ። ቀላል ነበር። አላለቀስኩም። ክንዴ ላይ ይዤው ወለሉን እያየሁ ቆምኩ፤ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ውሃ ነበር፣ አንዲት ሴት በመወልወያ ወደ ደጅ ትገፋዋለች። ውሃውን ሳይ ቆየሁ።

ጋትሉዋክ ከኩሌ ሲደርስ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ሐኪሙ "ያ መድኃኒት ለሚስትህ አይሆናትም፣ ወደፊት ካረገዘች ይህን ንገሩ" አለው። ጋትሉዋክ ወደ እኔ መጣና አጎንብሶ አመሰገነኝ። ሚስቱን ብቻዋን ስላልተውኩለት።

ኛማል ዳነች። ይህን እንደ ማስተዛዘኛ አልጽፈውም፤ የሆነው ስለሆነ ነው።

መሲን ሕመሙ ተመለሰባት፤ ከበፊቱ ብሶ። ከሬሳ በኋላ እፍረት ምን ያደርጋል? ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ያየቻት ጠና ያለች ነርስ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር እንደሌለው፣ መሲም ወንዶች እንዳያዩዋት ቀኑን ሙሉ ሽንቷን እንደምትይዝ፣ እንዳይመጣባትም በዚያ ሙቀት ውሃ እንደማትጠጣ ያን ቀን ሰማሁ። ለኔ ሳይሆን ለነርሷ ነው የነገረቻት።

"ሴት ልጅ ሁሉ ይይዛታል" አለች ነርሷ። "ሕፃንም ይይዛታል፣ መነኩሲትም ይይዛታል። አንቺ ምን ብለሽ ነው የደበቅሻት?"

ሌላ ነገር ጠየቅሁ። ስለ አንዲት ጎረቤት እንደምጠይቅ አድርጌ፣ ያን ሽንት የሚያጠቁረውን መድኃኒት መሀል ላይ ያቆመ ምን ይሆናል አልኳት። ነርሷ ታግሣ አስረዳችኝ። መጀመሪያ የሚሞቱት ደካሞቹ ተህዋሲዎች ናቸው፤ ማቃጠሉም ያኔ ይተዋል፤ ሰው የዳነ ይመስለዋል። ብርቱዎቹ ግን አሉ፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይራባሉ። ለሁለት ሰው ቢካፈልስ አልኳት። ሳቀች፤ "ሁለቱንም አያድንም" አለች። ይህኛው መድኃኒት ደግሞ የሚጠራቀመው ሽንት ውስጥ ነው፤ የሽንት ፊኛን ያጸዳል እንጂ ኩላሊት ሥጋ ውስጥ ገብቶ አይሠራም አለች። አንዴ ትኩሳትና የጎን ሕመም ከመጣ እሱን መዋጥ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ቶሎ ሆስፒታል መሄድ ብቻ ነው።

በሩን ዘግቼ በገንፎ ያጎረስኳትን አሰብኩ። ነርሷን አመስግኜ ወጣሁ። ለመሲ የታዘዘውን ሁሉ እስከ መጨረሻው አዋጥኳት። ዳነች። አሁን ሌላ ከተማ ኮሌጅ ናት። ስትደውል ስለ ትምህርቷ ትነግረኛለች፤ ስለ ገላዋ ምንም አትነግረኝም።

ከዚያ ወዲህ የሰው መድኃኒት ማስቀመጥ ተውኩ። ዓይኔ ደከመ አልኩ። ሰዎቹ አመኑኝ። ሁልጊዜ ያምኑኛል።

ኛማልና ጋትሉዋክ ወደ ኢታንግ ሄዱ። ዓመታት አለፉ፤ ልጅ ሳይመጣ። በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች። እኔም አነሳለሁ፣ እስቃለሁ፣ ደህና ነሽ ወይ እላለሁ። እንዴት አነሳለሁ? እጄ ያነሳል፤ አፌ ይናገራል።

በቅርቡ በዓል ሳይሆን ደወለች። አማርኛዋ አሁን ጥሩ ሆኗል።

"የመሲ እናት፣ እርጉዝ ነኝ። አምስት ወር ሆኖኛል። አልነገርኩሽም፣ እስኪጠና ብዬ።"

"እሰይ" አልኩ።

"ሽንቴ ያቃጥለኛል። ተመረመርኩ፣ ያንን መድኃኒት ሰጡኝ። ጣልኩት።"

ለምን እንደጣለችው ጠየቅኋት።

"ሽንቴን አጠቆረ፣ ልጄን ገደለ። ረሳሽው እንዴ? ሐኪሙም አይሆንሽም ብሎኛል። አንቺ በቃሽ ባትይኝ እኔም ሞቼ ነበር። እዚህ ያለው ሐኪም ግን ያኔ ቋንቋ አልገባሽም ይሆናል ይለኛል፤ ጋትሉዋክም ውሰጂው እያለ ይለምነኛል። ስልኩን ልስጠው፣ አንቺ ንገሪው። አንቺ ታውቂያለሽ።"

አንድ ውሸት ብቻ በቂ ነበር። አሁን መድኃኒቱ ተሻሽሏል፣ ውሰጂው፣ ማለት። ትሰማኝ ነበር። ልጁም ይተርፍ ነበር፣ እኔም እተርፍ ነበር። ይህንን አሰብኩ፤ አላሰብኩም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ሽንቷ በጠቆረ ቀን እንደገና እንደምትጥለው አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያንን ቀለም ሞት ነው ብዬ ያስተማርኳት። ከሥሩ ካልነቀልኩት አይነቀልም።

"ኛማል" አልኳት፣ "መድኃኒቱ አልገደለውም። ያኔ አልጨረስሽም። ሽንት መጥቆሩ ምንም እንዳልሆነ ተነግሮኝ ነበር፤ እያወቅሁ በቃሽ ያልኩሽ መሲ ታማ ስለነበር ነው። ያንቺን ለሷ ሰጠሁት። ሐኪሙንም ጨርሳለች ብዬ ዋሸሁት። አይሆንሽም ያለሽ በኔ ውሸት ነው። ይሆንሻል። እንደገና ተቀበዪና ዋጪው፣ ሁሉንም። ትኩሳት ከመጣብሽ ያን ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ። ማንንም አትጠይቂ። እኔን አትጠይቂ።"

ከወዲያ በኩል የሚጫወቱ ልጆች ጫጫታ ይሰማል። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

"መሲ ዳነች?" አለችኝ።

"አልዳነችም" አልኳት። "በሱ አልዳነችም። በኋላ በሌላ ነው።"

"እንግዲያ ለማንም አልሆነም" አለች። ዘጋችው።

ከሁለት ቀን በኋላ ጋትሉዋክ ደወለ። ድምፁ ደስ ብሎታል።

"እማማ፣ ጀመረችው! ሐኪም ሲለምናት እምቢ ያለች፣ ምን ብለሽ ነው ያሳመንሻት? ሽንቷ ጠቆረ፣ አልደነገጠችም። ብጠይቃት አትነግረኝም። እናታችን ነሽ፤ ውለታሽን በምን እንከፍላለን?"

"ምንም አይደል" አልኩት። ከልማድ የወጣ ቃል ነው። ስልኩን አስቀመጥኩና ቁጭ አልኩ።

አልነገረችውም። የኔን ነገር እሷ ይዛዋለች፤ ባሏ ፊት፣ ሁለተኛ ልጇን ተሸክማ። መድኃኒቷን ወሰድኩባት፤ ልጇን ወሰድኩባት፤ አሁን ደግሞ ዝምታዋን እየወሰድኩ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ስለ ልጄ ፈርቼ ነው፣ አልተማርኩም፣ ባሌ አልነበረም፣ እነዚህን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ አንዱም ቃሉን ከአፌ አላወጣውም። እኔ ነኝ ያወጣሁት። የፋርማሲዋ ልጅ በትክክል ነግራኝ ነበር። በቃሽ ያልኳት እኔ ነኝ።

ስልኩን አንስቼ መልሼ ደወልኩለት።

"ጋትሉዋክ" አልኩት፣ "ያን ምስጋና መልሰህ ውሰደው። ስለ ልጅህ የምነግርህ ነገር አለ።"

"ስለ የትኛው ልጄ?" አለኝ፣ እየሳቀ። "ገና አልተወለደም እኮ።"

"ስለ መጀመሪያው" አልኩት።